የጉሮሮ ካንሰር መዋጥ ሲከለክል፦ ስለ ስቴንት ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ቤተሰቦች የተጻፈ መመሪያ

በእኛ አካባቢ ሰው «ምግብ አልወርድ አለኝ» ብሎ ወደ ሐኪም የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ከእንጀራ ወደ ፍትፍት፣ ከፍትፍት ወደ አጥሚት፣ ከአጥሚትም ወደ ውሃ ከወረደ በኋላ ነው። ይህ ቁልቁለት ሳምንታትን አንዳንዴም ወራትን ስለሚወስድ፣ ቤተሰቡ በየደረጃው ምግቡን እያቀጠነ ይላመደዋል፤ ሕመምተኛውም እንዳያስቸግር እያለ «ዛሬስ ይሻላል» ይላል። ካንሰሩ ተስፋፍቶ በቀዶ ሕክምና ሊነሣ እንደማይችል ከታወቀ በኋላም ቢሆን ግን፣ ሰው የራሱን ምራቅ መዋጥ አቅቶት በረሃብና በጥም እንዳይሠቃይ ማድረግ ይቻላል። ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ በጠበበው ቦታ ስቴንት የሚባል የሽቦ ቱቦ ማስገባት ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ሕመምተኛውን ለሚያስታምሙ ልጆች፣ የትዳር ጓደኞችና ዘመዶች ነው፤ ምክንያቱም ሐኪሙ መንገዱን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊከፍተው ይችላል፣ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በቤት ውስጥ፣ በተለይም በማድ ቤት ነው።

ሕዝቡ ጉሮሮ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ስለሚይዝ አስቀድሜ ልለየው። እዚህ የምናወራው ከአፍ ጀርባ ተነሥቶ በደረት ውስጥ አልፎ ጨጓራ ስለሚገባው፣ በዐዋቂ ሰው 25 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ስላለው የምግብ ቧንቧ ነው። ዕጢ በዚህ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ሲያድግ ክፍተቱን ከውስጥ ያጠብበዋል፤ ከጨጓራው አፍ የሚነሣ ዕጢም ወደ ላይ እያደገ ተመሳሳይ መዘጋት ያመጣል።

ስቴንት ምን ዓይነት ነገር ነው

ስቴንት ከቀጭን ሽቦ የተጎነጎነ፣ መረብ የመሰለ ቱቦ ነው። ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ኒቲኖል ከሚባል የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ የሚሠራ ሲሆን፣ ይህ ቅይጥ ተጨምቆ ከታሠረ በኋላ ሲፈታ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የመመለስ ጠባይ አለው። ስለዚህ ሐኪሙ እንደ እርሳስ ቀጥኖ የታጠፈውን ቱቦ በጠበበው ቦታ አሳልፎ ይለቀዋል፤ ቱቦውም በራሱ ኃይል ዕጢውን ወደ ጎን እየገፋ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ይከፈታል። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ስፋቱ እንደየዓይነቱ ከ18 እስከ 23 ሚሊሜትር ይደርሳል። ቀደም ባሉት ዘመናት ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ነበር የሚገፋው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ንጽጽር የሽቦው ስቴንት የሚያስከትለው ችግር ያነሰ መሆኑን ካሳየ ወዲህ ፕላስቲኩ እየቀረ መጣ።

አንዳንዱ ስቴንት በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ አንዳንዱ ሽቦው ባዶውን ነው። ሽፋኑ ዕጢው በመረቡ ቀዳዳዎች ገብቶ እንዳያድግ ይከለክላል፤ በምግብ ቧንቧና በአየር ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሲገኝም ቀዳዳውን ይደፍናል። ጉድለቱ ግድግዳውን አጥብቆ ስለማይዝ አልፎ አልፎ ከቦታው መንሸራተቱ ነው። ለምግብ ቧንቧ ካንሰር በአብዛኛው የሚመረጠው በከፊል ወይም በሙሉ የተሸፈነው ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት፦ ስቴንት ካንሰሩን አያድንም፤ ዕጢውንም አያሳንስም። የሚሰጠው ነገር መዋጥ ነው። ይህንንም ሕመምተኛው ራሱ ማወቅ አለበት። በአገራችን ቤተሰብ የካንሰርን ስም ከታማሚው መደበቅን እንደ ርኅራኄ የመቁጠር ልማድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ዓላማውም ፍቅር መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ምን እንደተደረገለት ያልተነገረው ሰው መዋጥ ሲጀምር «ዳንኩ» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ጥብስ ያዝዛል፣ ስቴንቱም በሥጋ ይዘጋል። በደረቱ ውስጥ የሽቦ ቱቦ እንዳለ፣ ለምን እንደገባና ምን እንደማይወድ በሚገባው ቋንቋ የተነገረው ሰው ግን ራሱን ይጠብቃል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲያስረዳ ሕመምተኛውን ከክፍሉ አታስወጡት።

ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም

ሐኪሞች የመዋጥ ችግርን ከ0 እስከ 4 ባሉ ደረጃዎች ይለኩታል። ሁሉንም የሚበላ 0፣ አንዳንድ ጠጣር ምግብ የሚያቅተው 1፣ ገንፎ የመሰለ ለስላሳ ነገር ብቻ የሚውጥ 2፣ ፈሳሽ ብቻ የሚወርድለት 3፣ ምራቁን እንኳ መዋጥ ያቃተው 4 ይባላል። ስቴንት በዋናነት የሚታሰበው ቁጥራቸው ከፍ ላለ ከባድ ደረጃዎች ነው። ወደ ምርመራ ስትሄዱ «ትንሽ ያስቸግረዋል» ከማለት ይልቅ ባለፈው ሳምንት በትክክል ምን እንደበላና ምን እንደተመለሰበት ብትናገሩ ውሳኔው ይፈጥናል።

ዕጢው ከላይኛው የጉሮሮ ጡንቻ በጣም የቀረበ ሲሆን ስቴንቱ ሁልጊዜ የሚታነቁ የሚያስመስል ስሜት ስለሚፈጥር ሐኪሙ ሊተወው ይችላል። ካንሰሩ በቀዶ ሕክምና ሊነሣ የሚችል ሰውም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስቴንት እንዲገባለት በአብዛኛው አይመከርም፤ ስለዚህ የሲቲ ስካኑና የናሙናው ውጤት ሳይታይ «ቶሎ ስቴንት አስገቡለት» ብሎ መጎትጎት ሊጎዳው ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ደሙ የማይረጋ ሰው አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ነገር አለው። አቅሙ ደክሞ የቀሩት ቀናት ጥቂት ለሆኑ ሰው ደግሞ ከአልጋ አንሥቶ ማንገላታቱ ሊጎዳው እንጂ ሊጠቅመው አይችልም።

ሌላ አማራጭም አለ። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ስቴንትን በቧንቧው ውስጥ ከሚሰጥ የጨረር ሕክምና ጋር አነጻጽሮ፣ ስቴንት ፈጥኖ እንደሚያስውጥ፣ የጨረሩ ጥቅም ግን ዘግይቶ ቢመጣም ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ አሳይቷል። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ከባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወረፋ መጠበቅ ለማይችል ሰው ምርጫው በተግባር የጠበበ ሆኖ ቆይቷል። ቢሆንም ጥያቄው ይጠየቅ፦ «ለእሱ ጨረር ይሻላል ወይስ ስቴንት? ወይስ በሆድ በኩል የሚገባ የመመገቢያ ቱቦ?»

ከመሄዳችሁ በፊት

በባሕር ዳር ከተማ ለዚህ ዓይነት ሕመም በቅድሚያ የሚታሰቡት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ናቸው። ሕመምተኛውን ይዛችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ግን አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ወይም ደውሎ ሦስት ነገር ያረጋግጥ፦ ስቴንት የሚያስገባው ባለሙያ በዚያ ሳምንት መኖሩን፣ ለዕጢው ርዝመት የሚበቃ ስቴንት በእጅ መኖሩን፣ እንዲሁም በሚነገራችሁ ዋጋ ውስጥ ስቴንቱ ራሱ መካተት አለመካተቱን። ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ የሚደረግ ምርመራ፣ መኖሩ ብቻውን ስቴንት አለ ማለት አይደለም። ወደ ሌላ ከተማ የምትላኩ ከሆነና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ፣ የሪፈር ወረቀቱን ደረጃውን ጠብቃችሁ አስጽፉ።

ከደቅ፣ ከዘጌ ወይም ከቁንዝላ በጀልባ የምትመጡ ሰዎች ጠዋት ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሣ መዋዠቁ የደከመና የሚያስመልሰው ሰው አይችለውም። በጉዞው ላይ ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ እንጂ በጀርባው አይተኛ፤ በቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመው ምራቅና ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ለመመለስም አትቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሌሊቶች ባሕር ዳር ከዘመድ ቤት ብታሳልፉ፣ ችግር ቢፈጠር የሚለያችሁ የባጃጅ መንገድ እንጂ ሐይቅ አይሆንም።

ሽንቱ የጠቆረ፣ ምላሱ የደረቀ፣ ሲነሣ የሚያዞረው ሰው ውሃ ስላጠረው በመጀመሪያ በደም ሥር ፈሳሽ ሊሰጠው ይገባል። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ አስፕሪንና የስኳር መድኃኒትን ጨምሮ፣ በማሸጊያቸው ይዛችሁ ሂዱ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ጤናማ ቧንቧ ያለው ሰው ለኢንዶስኮፒ 6 ሰዓት ያህል ሳይበላ ቢቆይ ይበቃዋል፤ ቧንቧው የተዘጋ ሰው ግን ትናንት የበላው ከዕጢው በላይ ቆሞ ሊያድር ስለሚችል ሐኪሙ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ፈሳሽ ብቻ እንዲወስድ ሊያዝ ይችላል። እዚህ ላይ ከሁሉ አጥብቄ የማሳስበው ስለ ጠበል ነው። በሕክምናው ዋዜማ ወይም ጠዋት ጠበል ማጠጣት በብዙ ቤት የታመነበት ነገር ነው፤ ለሰውነት ግን ጠበልም ውሃ ነው፣ ባልተከፈተ ቧንቧ ላይ በብዛት ሲጠጣ ወደ ሳንባ ይገባል። በዚያ ጠዋት መጠመቅ ወይም መረጨት ይበቃል፤ መጠጣቱ ሐኪሙ ውሃ ከፈቀደ በኋላ በማንኪያ ይደረግ።

በዕለቱ የሚደረገው

ሕመምተኛው በግራ ጎኑ ይተኛል፤ ጉሮሮው በሚያደነዝዝ መድኃኒት ይረጫል፤ የሚያረጋጋ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒትም ይሰጠዋል። ሐኪሙ በኢንዶስኮፕ የዕጢውን ጫፎች አይቶ ርዝመቱን ይለካል፣ ቀጭን መሪ ሽቦ በጠበበው ቦታ አሳልፎ ወደ ጨጓራ ያወርዳል፣ ከዚያም ስቴንቱን በዚያ ሽቦ ላይ አንሸራቶ ከዕጢው በላይም በታችም ጥቂት ሴንቲሜትር እንዲተርፍ አድርጎ ይለቀዋል። በብዙ ቦታ ይህ በራጅ እየታየ ይሠራል፤ በኬንያ የሚገኘው የቴንዌክ ሆስፒታል ግን ያለ ራጅ፣ በኢንዶስኮፕ ብቻ፣ እጅግ ብዙ ሕሙማን ላይ ሠርቶ ውጤቱን አሳትሟል። ስለዚህ የራጅ መሣሪያ አለመኖሩ ብቻውን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም።

ከክፍሉ ስትወጡ የስቴንቱን ዓይነት፣ ርዝመት፣ የገባበትን ቀን፣ እንዲሁም ወደ ጨጓራ አልፎ ይግባ አይግባ የሚገልጽ ጽሑፍ ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ወደፊት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ ምስል) የሚታዘዝ ከሆነ ይህ ወረቀት መታየት አለበት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቱቦው እየተከፈተ ሲሄድ ደረት ላይ ወይም በጀርባ በኩል የመወጠር ሕመም የተለመደ ነው። በፓራሲታሞል ካልበረደ የሞርፊን ሽሮፕ ይታዘዛል፤ ሞርፊንን «የመጨረሻ መድኃኒት ነው» ብሎ መፍራት ሰውን ያለ ምክንያት ማሠቃየት ነው። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይጠየቅ። እየባሰ የሚሄድ ኃይለኛ የደረት ሕመም፣ ትኩሳት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ወይም የአንገት ቆዳ አብጦ ሲነካ የመንኮሻኮሽ ድምፅ ካለው ግን ቧንቧው ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ተመለሱ።

ማድ ቤት

ሐኪሙ ሲፈቅድ በመጀመሪያው ቀን ውሃ በማንኪያ፣ ከዚያ ቀጭን ፈሳሽ፣ በሚቀጥሉት ቀናት የተፈጨና የተጣራ ምግብ፣ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ለስላሳ ምግብ ይጀመራል። ለሳምንታት ያልበላ ሰው መንገዱ ሲከፈት ቤተሰቡ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ቀን ሊተካ ይፈልጋል፤ ይህ አደገኛ ነው። የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት ይዛባሉ፣ ልብም ሊታወክ ይችላል። መጠኑ በየቀኑ ይጨመር፤ በቀን ሦስት ጊዜ ብዙ ከመስጠት በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት መስጠት ይሻላል።

እንጀራ ዋናው ጥያቄ ነው። እንጀራ ሲታኘክ ይላቁጥና በምራቅ ተጠቅልሎ እንደ ሊጥ ኳስ ይሆናል፤ ይህ ኳስ ስቴንቱን ይዘጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተዉት። በኋላ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ትኩሱንና ለስላሳውን የጤፍ እንጀራ በቀጭን ሽሮ ውስጥ ቅርጹ እስኪጠፋ አርሳችሁ፣ በእጅ ሳይሆን በማንኪያ አብሉት። ጉርሻ ግን ይቅር። ጉርሻ ፍቅር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን የጉርሻን መጠን የሚወስነው የሚያጎርሰው ሰው እንጂ የሚውጠው አይደለም፣ ለዚህ ሕመምተኛ ደግሞ መጠኑን መወሰን ያለበት ራሱ ነው። ሊጠይቁ የሚመጡ ዘመዶች ይህን አስቀድመው እንዲያውቁ አንድ ሰው በበሩ ላይ ይንገራቸው።

ዳቦ፣ ድፎ፣ ቆሎ፣ ቂጣ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ጥብስና ቋንጣ እስከ መጨረሻው አይፈቀዱም። ጎመንና ቃሪያ ቃጫ ስላላቸው በሽቦው ላይ ይጠመጠማሉ። ማንጎ የሚጠጣው ከተፈጨ በኋላ በወንፊት ተጣርቶ ነው፤ ፓፓያና አቮካዶ ይቀላሉ። በሶ ጭብጦ ሆኖ አይሆንም፣ በጥብጠው ሲያቀጥኑት ግን ጥሩ ኃይል ይሰጣል። ጫት የሚቅም ሰው ቅጠሉን ምንም ያህል ቢያልመው ቃጫው መረቡን ስለሚደፍን ማቆም አለበት።

የሚጠቅሙትን ስንል፦ አጥሚት በወተትና በትንሽ ቅቤ፣ ቡላ፣ እርጎ፣ በደንብ የተመታና ለስልሶ የበሰለ እንቁላል፣ ከመረቅ ጋር የተፈጨ ድንች፣ የተጣራ የምስር ወይም የአተር ክክ ሾርባ። የጣና ሰው ያለ አሳ መኖር ስለማይሆንለት፣ የቆሮሶ ወይም የአምባዛ ሾርባ መልካም የፕሮቲን ምንጭ ነው፤ ነገር ግን አሳው ከተቀቀለ በኋላ ሥጋው በጣት እየተዳበሰ እሾኩ ይለቀም፣ ከዚያ ይፈጭ፣ ከዚያም በወንፊት ይለፍ። ሦስቱም ደረጃ ያስፈልጋል። እሾክ ጉሮሮ ላይ ሲቆም የእንጀራ ወይም የዳቦ ጉርሻ አስከትሎ መዋጥ የሚባለው የቆየ ልማድ ስቴንት ላለው ሰው ክፉ ጉዳት ነው።

ጾም ሲደርስ ብዙ ምእመናን፣ በተለይ አረጋውያን፣ ወተቱንና እንቁላሉን ይተዋሉ። ይህን ጉዳይ በጾሙ መግቢያ ሳይሆን አስቀድማችሁ ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋገሩበት፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ያላትን ርኅራኄ ካህኑ ራሳቸው ሲነግሩት፣ ከልጆቹ ከሚሰማው ይልቅ ልቡን ያሳርፈዋል። እሺ ካላለ ግን አትጣሉት፤ የተጣራ የሱፍ ውሃ፣ በውሃ የቀጠነ የለውዝ ቅቤ፣ የአቮካዶ ጭማቂና የምስር ሾርባ በጾምም ኃይል ይሰጣሉ።

ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ በየጥቂት ማንኪያው መካከል ሞቅ ያለ ውሃ ወይም ሻይ ይጎንጭ፤ በመጨረሻም ስቴንቱን ለማጠብ ጥቂት የአምቦ ውሃ ይጠጣ። ከበላ በኋላ ለአንድ ሰዓት አይተኛ። ስቴንቱ ወደ ጨጓራ ያለፈ ከሆነ የምግብ መመለስን የሚከለክለው የቧንቧው በር ሁልጊዜ ተከፍቶ ስለሚቀር፣ የጨጓራ አሲድን የሚቀንስ ኦሜፕራዞል ይታዘዝለታል፣ መኝታውም ከራስጌው ከፍ ይላል። አልጋ ከሆነ በራስጌው እግሮች ሥር ጡብ አድርጉ፤ መደብ ላይ የሚተኛ ከሆነ በገለባ የተሞላ ጆንያ ከወገቡ ጀምሮ ወደ ላይ ደግፉለት፤ ትራስ ብቻ መደራረብ ሆዱን ስለሚያጥፈው አይረዳም። ክኒኖች በሽሮፕ እንዲቀየሩ ጠይቁ። በራሳችሁ አትፍጩ፤ ቀስ ብለው እንዲሟሙ ተደርገው የተሠሩ ክኒኖች፣ በተለይም የሞርፊኑ፣ ከተፈጩ መጠናቸው በአንድ ጊዜ ተለቆ ሰው ሊገድል ይችላል።

እንደገና ሲዘጋ

ምግብ ከቆመ መብላት ይቁም፤ ሕመምተኛው ይነሣ፣ በቤቱ ውስጥ ይራመድ፣ ሞቅ ያለ ውሃ ወይም የአምቦ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጎንጭ። ጣት ወይም ማንኪያ ከተው ለመግፋት አትሞክሩ። ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላም ካልወረደ፣ ወይም ምራቁ መመለስ ከጀመረ፣ ወደ ሆስፒታሉ ሂዱ፤ በኢንዶስኮፕ ይጸዳል። መዘጋቱ በድንገት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከመጣ ዕጢው በስቴንቱ ጫፍ ወይም በመረቡ ውስጥ አድጎ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ውስጥ ሁለተኛ ስቴንት ማስገባት ይቻላል። ስቴንቱ ከተንሸራተተም የመዋጥ ችግሩ በድንገት ይመለስበታል፣ ሆድም ሊያመው ይችላል። በሚጠጣበት ጊዜ ሁሉ የሚያስለው ሰው ፈሳሹ ወደ አየር ቧንቧ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ይታይ፤ ደም ማስመለስና እንደ ጥላሸት የጠቆረ ሰገራም እንዲሁ።

ቧንቧው ክፍት ሆኖ ሳለ ትናንት የበላውን ዛሬ በብዛት የሚያስመልስ ከሆነ፣ መዘጋቱ ከጨጓራው መውጫ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ሊሆን ይችላል። ለዚያም ቦታ ስቴንት አለ፤ አቅም ላለውና ረዘም ያለ ዕድሜ ለሚጠበቅለት ሰው ግን ጨጓራን ከአንጀት ጋር በቀዶ ሕክምና ማገናኘቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የሐሞት መውረጃው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ።

ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ወደ ሆስፒታል መመላለሱ ሕመምተኛውን ከሚረዳው በላይ የሚያደክምበት ጊዜ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ምን እንደሚሻ እርሱን ጠይቁት፤ «በቃኝ፣ ቤቴ ልሁን» ካለም ይሰማ፣ ሕመሙን የሚያስታግሰው ሞርፊን ግን እንዳይቋረጥ አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር አመቻቹ። ረሃብ እየጠፋበት ሲሄድ ምግብ አታስገድዱት። በዚህ ወቅት የሚያስጨንቀው የአፍ መድረቅ ነው፤ በየሰዓቱ ንጹሕ ጨርቅ በውሃ ነክራችሁ ከንፈሩንና ምላሱን አርጥቡለት፣ ጠበልም ከፈለገ አንገቱን ቀና አድርጋችሁ በሻይ ማንኪያ ጠብታ ስጡት።